ሳይቆረጥ የዋለው ክር

ጃዝጉል ምንጣፍ ሠሪ ናት። በእኛ መንደር በኮችኮር የሱፍ ምንጣፍ የማይሠራ ቤት የለም፤ እሷ ግን ስትሠራ ቀለሙ ውስጥ ገብታ የምትቀር ይመስለኛል። ጎረቤቷ ስለሆንኩ በአጥሩ በኩል አያታለሁ። የሰባት ዓመት ልጇ ሰዚም ከአጠገቧ አትጠፋም፤ የሱፍ ክምር ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ደመና ታያለች።

ሰዚም ትምህርት ቤት አትሄድም። የምታስተምራት እናቷ ናት፣ ማስተማር ከተባለ። መጽሐፉ ሱፉ ላይ ተከፍቶ ይውላል፤ ልጅቷ ስትፈልግ ታየዋለች፣ ሳትፈልግ ነፋሱ ገጹን ይገልጠዋል። የትኛው ሥር ቀይ፣ የትኛው ቅጠል ቢጫ ቀለም እንደሚሰጥ ታውቃለች። ፊደል ግን እምቢ ብሏታል። እኔም ይህቺ ሴት ልጅቷን ልታበላሽ ነው እል ነበር፣ በሆዴ።

አያትየዋ፣ የጃዝጉል አማት ቡሩልቻ፣ በሆዷ አላስቀረችውም። ፖም እስኪለቀም ካላነበበች ከተማ አክስቷ ዘንድ ወስጄ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ አለች። እዚያ ቤት የአማት ቃል አይታጠፍም። የልጅቷን ብርድ ልብስ ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀመጠችው፣ ጃዝጉልም በወጣች በገባች ቁጥር ታየዋለች። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተደግፋ «ብትወስድብኝ ምን እሆናለሁ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ፖሙ ሲቀላ ለቡሩልቻ ትንሹ የልጅ ልጅ፣ ለሰዚም የአጎት ልጅ ለባይቱር፣ የእግር ክር መቁረጫ ተደገሰ። እኛ ዘንድ ሕፃን መሄድ ሲጀምር ሁለት እግሩ በጥቁርና በነጭ ክር ይታሰራል። ልጆች ከሩቅ ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ክሩን ቆርጦለት እጁን ይዞ ያራምደዋል። ባይቱር ግን ገና መቆም እንኳ አልቻለም። የሰፈሩ እኩዮቹ ሁሉ ስለተቆረጠላቸው ቡሩልቻን አላስችል ብሏት በግ አሳረደች።

ሩጫውን ሰዚም ቀደመች። መቀስ ሰጧት። ቡሩልቻ ሕፃኑን በብብቱ ይዛ ብታቆመው ጉልበቱ እጥፍ እጥፍ ይላል። ሰዚም አየችው፣ አየችውና መቀሱን አጠገቧ አድርጋ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ቁረጪው እንጂ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ እኮ» አለች አያቷ።

«አልቆመም እኮ፣ አያቴ።»

«ታዲያ እዚሁ ልታድሪ ነው?»

«እጠብቀዋለሁ። እማዬ እኔን እንደዚህ ነው የምታደርገኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጃዝጉል ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች። ቡሩልቻም አልሳቀችም፤ ሕፃኑን ቀስ አድርጋ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው፣ እሱም እግሩን ስቦ ክሩን ማኘክ ጀመረ። ሞቅ ያለ ነፋስ የፖም ሽታ ይዞ ይመጣ ነበር። ሥጋውን በላን፣ የፈረስ ወተቱን ጠጣን፣ ማንም ለመሄድ አልቸኮለም። ሲመሽ ቡሩልቻ ክሩን ፈትታ ኪሷ ከተተችው።

በማግስቱ ጃዝጉል በሩ ሥር ጥቅልሉን አጣችው። ልጇን የወሰደችባት መሰላት። ሮጣ ስትገባ ብርድ ልብሱ በቦታው ተዘርግቶ፣ ሰዚም እላዩ ላይ ተኝታለች።

ፖሙ ተለቅሞ አለቀ። ሰዚም ዛሬም አታነብም። ቡሩልቻ ግን ባይቱርን ታቅፋ ሱፉ ላይ፣ ከተከፈተው መጽሐፍ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሁለቱንም ትጠብቃለች።