የደምሴ መረብ

ባለፈው እሑድ እዚህ ኮሎምበስ፣ ሊንደን ሰፈር ያለው የደምሴ ቤት ጓሮ በሰው ሞልቶ ነበር። ኮቪድ በየቤታችን ከዘጋብን ወዲህ የመጀመሪያው ግብዣ ነው። ጥብሱ ተበልቶ ቢራው ሲዞር፣ በቅርቡ በዲቪ የመጣች አንዲት ወጣት፣ «ጋሼ ደምሴ፣ ሁለታችሁ የት ተዋወቃችሁ?» ብላ እሱንና እኔን እያየች ጠየቀች። የደምሴ ልጅ፣ «ኦ ኖ፣ ዘ በርድስ ኤጌን» አለች፤ የወፎቹን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ደምሴ ደስ ብሎት ጀመረ። እኔ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

የተዋወቅነው ኪቶ ነው፤ ኢኳዶር ውስጥ፣ ተራራ ላይ የተዘረጋች ከተማ። ሁለታችንም ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርን፤ ወደ ሰሜን የምንሻገርበትን ቀን እየጠበቅን አንድ ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። ሥራ ያገኘነው አንዲት የወፍ ተመራማሪ ዘንድ ነው። ዶክተሯ በከተማው መናፈሻዎችና ከከተማው በላይ ባለው ዳገት ስንት ዓይነት ወፍ እንዳለ ታጠና ነበር። ማለዳ በብርዱ ተነሥተን እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ መረብ በዛፎች መሃል እንዘረጋለን። የተያዘችውን ወፍ ቀስ ብለን እናወጣታለን፤ ዶክተሯ ክንፏን ለክታ፣ እግሯ ላይ ቀለበት አስራ ትለቃታለች። ከተማው መሃል ብርቱካናማ ምንቃር ያላቸው ጥቋቁሮች ይበዛሉ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ፣ አበባ የሚቀስሙ አረንጓዴዎች አሉ። እነዚህን ብርድና ረሃብ ቶሎ ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ መረቡ በየሃያ ደቂቃው መታየት አለበት።

ደምሴ አገር ቤት ልብስ ሰፊ ነበር። ጣቶቹ አንዲት ላባ ሳያረግፉ ወፍ ይፈታሉ። የእኔ ብልጫ ስፓኒሽ ማወቄ ብቻ ነው። እሱ ከሰላምታ አያልፍም፤ ሁሉን የምተረጉምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ዶክተሯ የከተማው ጥናት ሲያልቅ ተራራው ላይ ወዳለው ጣቢያ የምትወስደው አንዳችንን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ስትል የምታየው የደምሴን እጅ ነበር። አልተረጎምኩለትም።

በሳምንቱ ደምሴን ትኩሳት ያዘው። ዳገቱ ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ጃኬቱን ተከናንቦ ጋደም አለ።

«መረቤን አደራ» አለኝ።

«ተኛ፣ እኔ አለሁ።»

ሄጄም አየሁት። ሰባት ትንንሽ አረንጓዴ ወፎች ተጠላልፈው ይንፈራገጣሉ። ከተራራው ጫፍ ጥቁር ደመና እየወረደ ነበር። ሰው የወጣትነቱን ጥፋት ባለማወቅ ያመካኛል፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። ቆሜ አየኋቸውና ጥያቸው ሄድኩ። ወደ መንገዱ ወርጄ ከአንዲት ሴት የበቆሎ ቅቅል ከአይብ ጋር ገዛሁ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ሸራዋ ሥር ተቀምጬ በላሁ። ትኩስ ነበር፤ ጣፈጠኝም።

ስመለስ ዶክተሯ የሞቱትን ወፎች መዳፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ደምሴ አጠገቧ ይንቀጠቀጣል። መረቡን የሚጠብቀው ማን እንደነበር ጠየቀችኝ።

«አሞኝ ላንተ አደራ እንዳልኩህ ንገራት» አለኝ ደምሴ። «አንተንም ዝናቡ አግኝቶህ ይሆናል። እሱንም ንገራት፣ እንዳትቆጣህ።»

አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ይላል» አልኳት።

ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ አለች። ለደምሴ፣ «ባለ መረቡ አንተ ነህ ትላለች። ብለምናትም እምቢ አለች» አልኩት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ትከሻዬን ይዞ፣ «ስትለምንልኝ አይቻለሁ፤ እግዜር ይስጥህ» አለኝ።

ሥራ ስላልነበረው በዚያው በዝናቡ ወራት ከሌሎች ጋር ወደ ሰሜን ተነሣ። መንገድ ላይ በእግር የሚታለፈው ጫካ ውስጥ እግሩ ቆሰለ። ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ቁስሉ በሰበሰና ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ተቆረጠ። እኔ ተራራው ላይ፣ ምድጃ ባለው ክፍል ከርሜ በበጋ ተሻገርኩ። ከዓመታት በኋላ እዚህ ኮሎምበስ ተገናኘን። በኮቪድ ጊዜ የምሠራበት የሾርት ኖርዝ ሬስቶራንት ሌይኦፍ ሲያደርገኝ፣ ደምሴ ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት ለቀቀልኝ። እስካሁን እዚያው ነኝ።

እሑድ ዕለትም ታሪኩን የጨረሰው እንደ ወትሮው ነው፤ «እንዴት እንደለመነልኝ ብታዩት!» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ደምሴ ዛሬ ሂሊያርድ ባለ መጋዘን ሱፐርቫይዘር ነው። ሺፍቱ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሜክሲኮዎች ስለሆኑ ስፓኒሹ ከእኔ ይበልጣል። ያኔ ለዶክተሯ ያልኩትን አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። ትርጉሙ ባይገባውም ድምፁ ጆሮው ውስጥ ቀርቶ፣ አንድ ቀን ሥራ ላይ ገብቶት ይሆን? ልጠይቀው አልደፍርም። ያንን ታሪክ ሲያወራ ዓይኑን ከእኔ ላይ አያነሣም፤ ፈገግ ይላል። እኔም ሳህኖቹን እንደያዝኩ ፈገግ እላለሁ።