የአባቴ ኮዳ

ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ የልጄን የትምህርት ቤት ኮዳ ስከፍት የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። በክዳኑ ጎማ ሥር ጥቁር ነገር ተጣብቋል። ማጠቢያው ጋ እንደቆምኩ የአባቴ ኮዳ ትዝ አለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጃጁራ ከተማ ያስተምር የነበረው አባቴ ታሞ ሆሳዕና ሐኪም ቤት ተኝቷል። እዚያው ሆሳዕና አክስቴ ዘንድ ሆኜ እማር ስለነበር፣ ከትምህርት ስወጣ፣ ፈልቶ የበረደ ውሃ በኮዳው የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ኮዳውን ግን ለቅለቅ አድርጌ እርጥቡን ከድኜ ነበር የማሳድረው።

አንድ ቀን አባቴ ተጎነጨና ኮዳውን አየት አደረገው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ ግማሹን ጠጣው።

"ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ" አለኝ።

አጠገቡ የነበረችው አክስቴ ኮዳውን ተቀብላ አሸተተችው። አልተቆጣችኝም። ውጭ ቧንቧው ጋ ወስዳኝ ጠጠርና ሳሙና ጨምራ ናጠችው፤ ጥቁር ቅርፊት እየተላጠ ወጣ። ኮዳውን ፀሐይ ላይ ዘቀዘቀችው፤ ክዳኑንም ለብቻው አሰጣችው።

"ውስጡ ሳይደርቅ አይከደንም። ሻጋታ የሚወደው እርጥብና ጨለማ ነው" አለችኝ።

አባቴን በዚያው ቀን ያስመልሰው ጀመር። በሳምንቱ አረፈ። ሐኪሞቹ ጉበቱ ነው አሉ። ስለ ውሃው እኔም ማንንም አልጠየቅኩ፣ አክስቴም እስክትሞት አንድም ቀን አላነሳችብኝ።

የልጄን ኮዳ ጎማ አውጥቼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ልጄ መጥታ "እማዬ፣ ጠራ?" አለችኝ።

"ጠርቷል" አልኳት። ዞር ስትልልኝ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።