አልሞቱም ብዬ ነበር

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሞቶ፣ ሬሳው ተገንዞ እንኳ ሩቅ ላለ ልጁ የሚደወለው «ትንሽ አሟቸው ነው፤ እስቲ ብቅ በል» ተብሎ ነው። ልጁም ነገሩ ይገባዋል፤ ግን እንዳልገባው ሆኖ ይመጣል። ደጅ ሲደርስ ሽማግሌዎች ግራ ቀኝ ይዘው፣ አስቀምጠው፣ እህል ውኃ አስቀምሰው ይነግሩታል። ደግ ልማድ ነው ይባላል። እኔ ግን ከዚያ ዕለት ወዲህ ደግነቱ አይታየኝም።

አባቴ የወደቁት አውድማ ላይ ነው። ገብስ ይወቃ ነበር። መንሹን ይዘው እንደቆሙ ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ከዚያ ጭዱ ላይ ዘፍ አሉ። እኔ የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ስለነበር አጠገባቸው ነበርኩ። ሰው ሁሉ «ምች ነው፣ መጋኛ ነው» ሲል እኔ ስትሮክ መሆኑ ገባኝ። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ካልደረሱ እንደማይሆንም አውቅ ነበር። ስልኬን ይዤ ወደ ጉብታው ሮጥኩ።

በእኛ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ለዚያውም ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ሞላሌ ከተማ ዞሮ፣ እንደ ተሳላሚ ቀጥ ብሎ ለቆመ። የአምቡላንሱን ነጻ ቁጥር ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ገና ሳይጠራ እየተቋረጠ አስቸገረኝ። አምቡላንሱ የሚቆመው ሞላሌ ነው፤ ታላቅ ወንድሜም እዚያው ሞላሌ እህል ይነግዳል። ለእሱ ደወልኩ። ይሄኛው ገባ።

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ ታመዋል። አምቡላንስ ይዘህ ድረስ!»

ነፋሱ ድምፄን የወሰደው መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።

«ሰማኸኝ? ወድቀው ነው። መናገር አቅቷቸዋል።»

«እስቲ ስልኩን ስጪያቸው፤ ድምፃቸውን ልስማ።»

«እሳቸው ታች አውድማው ላይ ናቸው፤ እኔ ጉብታው ላይ ነኝ። ደግሞስ መናገር አቃታቸው እያልኩህ!»

«በቃ፣ እሺ እህቴ» አለኝ። ድምፁ ተሰብሯል። ምን እንዳሰበ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አልሞቱም! በሕይወት አሉ! እመብርሃንን፣ አልሞቱም!»

«እሺ አልኩሽ እኮ። አይዞሽ» አለና ዘጋው።

ደግሜ ስደውል ስልኩ ተይዟል። ለማን ይደውል እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ለአክስቶቻችን፣ ለዕድሩ ዳኛ፣ አይሱዙ ላለው ጎረቤቱ። ልፈርድበት አልችልም። ሰው ሞቶ ሳለ አልሞተም ብሎ የሚምል ስንት ዘመድ አይቻለሁ፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

የመንደሩ ወንዶች አባቴን በባና ጠቅልለው በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ አወጧቸው። መንገዱ ዳር አሳርፈናቸው ጠበቅን። ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች፤ በነጠላዬ ጥላ ያዝኩላቸው። ዓይናቸው ንቁ ነበር፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገዱን ያያሉ። «እየመጣ ነው፣ አባባ» እላለሁ። አቧራ በተነሳ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ አንዴ የበግ ነጋዴ መኪና ነው፣ አንዴ ባዶ ነፋስ።

በመጨረሻ የመጣው አይሱዙ ነው። ጭነቱ ሰው ነው። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ከፊት ቆማለች። መንደሩ ገና ሲታያቸው ነው ለቅሶውን የለቀቁት። «ወይኔ አባቴ! የደሀ አባት!» እያሉ ከመኪናው ዘለሉ። ወንድሜ ደረቱን እየደቃ መጣና ቃሬዛው ጋ ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ። አባቴ ቀና ብለው አዩት። ያን ጊዜ የጮኸውን ጩኸት ለቀብራቸው ቀን እንኳ አልጮኸም።

አባቴ ተጫዋች ሰው ነበሩ። ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ «እኔ ስሞት ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ ተደብቄ ባየሁ» ይሉ ነበር። እንዳሉትም አዩ። ግን መሳቅም፣ መተረብም አልቻሉም፤ እንባ ብቻ ወረዳቸው። እዚያው አይሱዙ ላይ፣ አልቃሾቹ መሃል አስተኝተን ወሰድናቸው። ሐኪሙ «ዘግይታችኋል» አለ እንጂ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቤት ተኝተው ከረሙ። ያ ሁሉ ለቅሶ ሲወርድባቸው ምን አሉ በልባቸው? ልጆቼ ቀድመው ቀበሩኝ ብለው ይሆን? እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አዲስ አበባ የምትኖረው ታናሽ እህታችን መጥታ ሁላችንንም ተቆጣችን። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት የታመመ ታመመ፣ የሞተ ሞተ ይባላል» አለች። ተስማማን። የአምቡላንሱን ሹፌር የእጅ ስልክም ሁላችንም ያዝን።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ አረፉ። ለእህቴ መንገር የእኔ ድርሻ ነበር። ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ ለነፋሱ ጀርባዬን ሰጥቼ ደወልኩ። «ሞቱ» ልል አፌን ከፈትኩ። ደግሞ ትዝ አለኝ፤ ልጅቷ ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ማን ይይዛታል? ማን ውኃ ያቀምሳታል?

«አባባን ትንሽ ባሰባቸው» አልኳት።

«እሺ፣ ዝጊው!» አለች። አልተጠራጠረችም። ከተስማማን ወዲህ የምላትን ሁሉ ታምናለች።

ሬሳው እየተገነዘ፣ ድንኳን እየተተከለ ሳለ ከመኪናው መንገድ በኩል የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማ። ሹፌሩ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ። ለቀስተኛውን አልፎ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ እኔ ፊት ቆመ።

«ልጃቸው ከአዲስ አበባ ደውላልኝ ነው» አለ። «በሽተኛው የት ናቸው?»

በጣም ቶሎ ነበር የመጣው።