በጣሳ የተካፈልነው ማዳበሪያ

በዚያ ክረምት ባምባሲ አጠገብ ባለው የሠፈራ መንደር ለእያንዳንዱ ቤት የደረሰው ማዳበሪያ ሁለት ጣሳ ነው። ጣሳው የዱቄት ወተት የነበረበት፣ ከንፈሩ የተጣመመ፣ የመንደሩ ሰው ጨውም ሽምብራም የሚሰፍርበት ነበር። እኔ የመንደሩ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ለአንድ ሄክታር በቆሎ ሁለት ሙሉ ጆንያ እንደሚያስፈልግ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጣሳው ሲሰፈር ቆሜ ያየሁትም እኔው ነኝ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን "ጥፋትሽ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ" ሲሉኝ ማሳየት አቃተኝ። ምናልባት ብጽፈው ይታየኛል።

የመጣሁት ከመንዝ ነው። ምድቤ አሶሳ እንደሆነ የሰማች ዕለት እናቴ "ከዚያ ወዲያ እኮ ሱዳን ነው" ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። በብርድና በገብስ ያደግሁ ሰው የማንጎ ጥላ እስክለምድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መንደሩን ግን ቶሎ ለመድኩት። ሰዎቹ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ደርግ ከወሎ ያመጣቸው ናቸው፤ እዚሁ የተወለዱት ልጆቻቸው እንኳ ሲናገሩ ወሎዬ ናቸው። እስላሙና ክርስቲያኑ ተደባልቆ ይኖራል። ጾሜን ከእኔ ይልቅ እነሱ ይጠብቁልኝ ነበር። "ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ለልማቷ እርጎ እንዳታቀርቡ" ይባባሉ ነበር። ልማቷ ነው ስሜ፤ ክርስትና ስሜን የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ተከራይቼ የምኖረው ከአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ነው። እትዬ እላታለሁ። አንድ ሄክታር መሬትና አንዲት ልጅ ነበራት። ልጅቷ ስምንተኛን ጨርሳ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ባምባሲ ልትገባ ነው። የመንደሩ ተማሪዎች ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል በጋራ ይከራያሉ፤ እሑድ እሑድ ከቤታቸው ስንቅ ይዘው በእግር ይሄዳሉ። ስንቁ የበቆሎ ዱቄት ነው። እትዬ ይህንን ስታስረዳኝ "በቆሎዬ ቁሞ እስከታየ ድረስ እሷም ትማራለች" ነው ያለችው።

በቆሎውን ያስጀመርኳት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት እንደ ጎረቤቶቻችን፣ እንደ አገሩ ነባር ሰዎች እንደ በርታዎች፣ ማሽላ ነበር የምትዘራው። ጥንቁቅ ሰው ነኝና በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን ብቻ በምርጥ ዘር እንድትሞክር ነገርኳት። ማዳበሪያው በጊዜው መጣ፤ በቆሎው የሰው ክንድ የሚያህል ራስ አወጣ። በሁለተኛው ዓመት ከአራት እጅ ሦስቱን ዘራች። በሦስተኛው ሙሉውን። ለዘር ያስቀመጠችውን ማሽላ አንድ ቀን ቆልታ ስትበላ አግኝቻት፣ "ምነው እትዬ፣ ዘሩን?" ስላት "ምን ያደርግልኛል፤ አንቺ አለሽልኝ አይደል" አለችኝና እየሳቀች እፍኝ ዘገነችልኝ። በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

በዚያው ጊዜ ሩሲያና ዩክሬን መዋጋት ከጀመሩ ሰንብተው ነበር። ጦርነቱን በሬዲዮ ስሰማ እንደማንኛውም ክርስቲያን አማትቤ፣ ለሞቱት ነፍስ ይማር ብዬ ወደ ሥራዬ ነበር የተመለስኩት። ማዳበሪያ የሚባለው ነገር ከተፈጥሮ ጋዝ እንደሚሠራ፣ ትልልቆቹ አገሮች ሲኳረፉ የሚሸጠው እንደሚያንስና ዋጋው እንደሚሰቀል፣ መርከቡም የሚሄደው ገንዘቡን ቀድሞ ወደከፈለው አገር እንደሆነ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህር ነግሮን ነበር። ለፈተና አጥንቼው ከፈተናው በኋላ ረሳሁት። አሁን ተመልሶ ትዝ ያለኝ ግንቦት አልቆ፣ ሰኔ ገብቶ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰውና መጋዘናችን ባዶውን ሲያስተጋባ ነው።

ወረዳ በየቀኑ እደውላለሁ። መጀመሪያ ግዥው ተፈጽሟል ተባልኩ። ቀጥሎ መርከቡ ጅቡቲ ደርሷል። ቀጥሎ ተጭኗል። በኋላ ደግሞ መኪኖቹ በወለጋ በኩል እጀባ እየጠበቁ ነው ተባለ፤ መንገዱ የማይታመንበት ጊዜ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ቢያንስ አምስት ሰው አፌን ያያል። የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሁሉም አባባ የሚሏቸው አዛውንት፣ ሰው እንዳይከፋው ብለው መቀለድ ጀመሩ። "ማዳበሪያችን ሐጅ ሄዷል። ከዚህ መንደር ባሕር የተሻገረ እሱ ብቻ ነው፤ ቢዘገይ አትፍረዱበት" ይሉ ነበር። አባቴም ከመንዝ ይደውላል። እዚያም የለም። "አንቺ የመንግሥት ሰው አይደለሽ፤ ከእዚያ አንድ ጆንያ አትልኪልንም?" አለኝ አንድ ቀን። እኔም የለንም ስለው እንዳላመነኝ ከድምፁ ተረዳሁ።

ከበርታዎቹ ወገን ደረቅ ባሚያ የምትሸጥ አንዲት ሴት በመንደራችን በኩል ወደ ገበያ ታልፋለች። ስልክ ይዤ ባየችኝ ቁጥር ቆም ትላለች። "አንተ በቆሎ ስልክ ይጠብቃል" አለችኝ፤ አማርኛዋ ወንድ ከሴት አይለይም። "የኔ ማሽላ ስልክ የለውም። ወላሂ፣ ዘርቶ ረሳሁት።" ሳቅን። እሷም ግን ችግሯን ይዛ ነበር። ሱዳን ውስጥም ጦርነት ተነስቶ በድንበሩ ከተማ በኩርሙክ በኩል ስኳርና ሳሙና የሚያመጡት ነጋዴዎች ጠፍተውባታል፤ ባሚያዋን የሚገዛት የለም። ማሽላውን ትበላለች፤ ሌላው ሁሉ ቀርቷል።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሰዉ በቆሎውን ያለ ማዳበሪያ ዘራ። በሐምሌ መግቢያ፣ የሐዋርያት ጾም የተፈታ ሰሞን፣ መኪናው መጣ። ለመንደሩ ሁሉ ዘጠኝ ጆንያ አራገፈና ሄደ። ሾፌሩ የቀረው ይከተላል ብሎናል። ቆጠርነው። ደግመን ቆጠርነው። ያው ዘጠኝ ነው።

አባባ ናቸው መላውን ያመጡት። ማንጎው ሥር ሸራ ተነጠፈ፤ ማዳበሪያው ልክ እንደ በዓል ቅርጫ በመደብ በመደብ ተቆለለ፤ በጣሳ ተሰፍሮ፣ ትርፉ በጭልፋ እየተጨመረ፣ አንዱ ቁልል ከሌላው በአንዲት ፍሬ እንዳይበልጥ ተጠነቀቁ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ሰጠ፤ እንጨት የሰጠ አለ፣ ድንጋይ የሰጠ አለ፣ እትዬ ከነጠላዋ ጥለት ክር መዝዛ ሰጠች። ምልክቶቹ የማን እንደሆኑ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየቁልሉ ላይ ዕጣ ጣለ። በዕድሜዬ ይህን የመሰለ ፍትሕ አላየሁም። ሁለት ሚስት ያለውም፣ ሸምግሎ መራመድ የተሳነውም፣ ከሌላው ጋር ተኳርፎ የማይነጋገረውም እኩል አገኘ።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ይኼንን ማሳው ሁሉ ላይ ከበተናችሁት ጠብ የሚል ነገር የለውም፤ አንዱም በቆሎ አይጠግብም አልኳቸው። ከጓሮ የማትሰፋ ቦታ ለዩና እዚያ ብቻ በየሥሩ አድርጉት፤ ቢያንስ ከዚያች ቦታ የሚበላ ይወጣል፤ የቀረውን እርሱት።

እትዬ ሸራው ዳር ቁጭ ብላ ነበር። ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ አንዱን ጥግ አጥግበን የቀረውን እያየነው እናስርበው ነው የምትይን?"

"እህል እኮ ነው አባባ። ሰው አይደለም።"

"ይሁን፣ እህል ነው። እኛ በሰባ ሰባት መጠለያ ውስጥ አንዲት ቂጣ ለስምንት እየቆረስን ነው ለዚህ የበቃነው። ያን ጊዜ እንዳንቺ የተማረ ሰው መጥቶ ለሁለቱ ስጡና ሁለቱ ይትረፉ ቢል ኖሮ፣ እኔ ከስድስቱ ነበርኩ።"

አባባ የሚያወሩት ስለ ቂጣ ነው፤ በቆሎ ግን ቂጣ የሚቆርስ አይደለም፣ ጥቂት ከበላ ጥቂት ማደግ እንኳ የማይሆንለት ፍጥረት ነው። ይህን ማለት ነበረብኝ። ወደ እያንዳንዱ ማሳ ሄጄ፣ ገመድ ዘርግቼ፣ ይህችን ቦታ ብቻ ማለት ነበረብኝ። ግን አፌን ዘጋሁ። የዘጋሁት በፍርሃት ብቻ አይደለም። ደስ ስላለኝም ነው። አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ አሰብኩ። እግዚአብሔር ከባረከው ሁለት ጣሳ ምን ይሳነዋል ብዬ፣ የተማርኩትን በእምነቴ ሸፈንኩት። አሁን ሳስበው እንጀራውን ያበረከተው እሱ ነው እንጂ ሐዋርያቱ አበርክቱት ተብለው አልተላኩም።

ለወረዳው የምሞላው ቅጽ የሚጠይቀው ስንት ሄክታር ማዳበሪያ እንዳገኘ ብቻ ነው። የመንደሩን መሬት በሙሉ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም። ስልክ ደውለውም አመሰገኑኝ።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ ላይ፣ ከቅዳሴ ስመለስ በእትዬ ማሳ ዳር አለፍኩ። የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በመሐሉ ጅማት በኩል ቢጫ ሆነው ወደ ግንዱ ይገሰግሳሉ። ይህ ምልክት በደብተሬ ሥዕሉ አለኝ። እትዬ አረም ስትነቅል ቀና ብላ "በሽታ ነው?" አለችኝ። ራበው እንጂ በሽታ አይደለም አልኳት። መድኃኒት የለውም ወይ ስትል፣ አለው፣ ገና መንገድ ላይ ነው አልኩ። እሷም ቢጫውን ቅጠል በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። የትኛውንም ጥግ አላጠገብንም። ሁሉም በእኩል ተርቦ፣ በእኩል ቁመት፣ ደረት ሳይደርስ ማበብ ጀመረ።

ቀሪው ማዳበሪያ የመጣው መስከረም ውስጥ ነው። መኪና ሙሉ። ሰዎች እልል ብለው ወጡ። እኔ ነኝ መሐላቸው ገብቼ በቆሎው ፍሬ ከያዘ በኋላ አይጠቅመውም ብዬ የተናገርኩት። አንዱ ጎልማሳ ሳቀና "ታዲያ ሲበርድ እንሞቀው?" አለ። ሌሎቹ አልሳቁም። አባባ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ እርሻን በሚመለከት ቃል አልተነጋገርንም። ሰላምታቸውን ግን አልከለከሉኝም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ረዘም አድርገው ይጠይቁኝ ጀመር፣ አባትሽ ደኅና ነው፣ እናትሽ ደኅና ናት፣ እያሉ።

ልጅቷ በመስከረም ከአምናው በተረፈው በቆሎ ባምባሲ ገብታለች። እሑድ እሑድ የምትይዘው ከረጢት እያነሰ ሲሄድ በመስኮቴ አይ ነበር። በኅዳር አዝመራው ተሰበሰበ። የበቆሎው ራሶች አጫጭር ናቸው፤ ስንፈለፍል ጥርሱ እንደ ወለቀ ሽማግሌ ፍሬው እዚህም እዚያም ነው። ጎተራው ከግማሽ በታች ቀረ። በሦስተኛው ቀን እትዬ፣ ልጅቷ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወርቅ ወደሚታጠብበት ወንዝ ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ።

ለመንኳት። የእኔን ቀለብ ለሁለት እናደርገዋለን፣ ከእኔ ስንቅ ትወስዳለች አልኳት። እሷ እጄን ይዛ፣ "አንቺም የሰው አገር ሰው ነሽ። ነገ ወደ ሌላ ቦታ ቢቀይሩሽ ልጄ ግማሽ ዓመት ተምራ ያው ትመለሳለች። አሁን ትሂድ፣ በጋው ሳያልቅ" አለችኝ። ሁለታችንም ከዚያ ወንዝ የተመለሱና ያልተመለሱ ልጆችን እናውቃለን። አላነሳናቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት ዋናው መንገድ ድረስ አብረን ሸኘናት። ልጅቷ የወርቅ ማጠቢያ ሳፋዋን በነጠላ ቋጥራ በጀርባዋ አድርጋለች፤ ውስጡ ሁለት ደብተር እንዳስገባች አየሁ። መኪና ስንጠብቅ ዞር ብላ ጠየቀችኝ።

"ያ የፈረንጆቹ ጦርነት አለቀ?"

"አላለቀም።"

"ማዳበሪያው ዘንድሮም አይመጣም ማለት ነው?"

አላውቅም አልኳት። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ልማዴ አልነበረም፤ ልማት ሠራተኛ ሁልጊዜ የሚመልሰው አያጣም። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀችና የጭነት መኪናው ሲቆም ሳፋዋን ቀድማ አቀብላ ወጣች። እኔ በስመ አብ ብዬ በአየር ላይ አማተብኩባት። እናቷ አላለቀሰችም።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄድን እትዬ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ "ዘንድሮስ ምን ልዝራ?" አለችኝ። ማሽላ እንዳልላት ዘሩን በልተነዋል፤ ባሚያ ሻጯን በርታ ለምኚ ብላት ለእሷም ምን እንደተረፋት አላውቅም። በቆሎ እንዳልላት ማዳበሪያው ያለው ከባሕር ማዶ ነው፤ እዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚታረቅ እኔ ልነግራት አልችልም። ድንግል ማርያምን በልቤ ጠራሁ። አሁንም አሁንም እየጠራሁ ተራመድኩ፤ እትዬም መልሴን እየጠበቀች እርምጃዋን ከእርምጃዬ አስተካክላ ከጎኔ ትሄድ ነበር።