የእድሩ ቃሬዛ

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል የገመድ መኝታ ተወጥሯል። ልጄ ተጋድማበት፣ "እማዬ፣ ስሙ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ሃሞክ ይሉታል" አልኳት። የቅጠሉ ሽታ ግን ሌላ ስም አስታወሰኝ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ሕመምተኛ የሚሸከሙበትን የእድር ቃሬዛ ሳላስፈቅድ አውጥቼ፣ በመንደራችን ባሕር ዛፎች መካከል እንዲሁ አንጠልጥዬ ስወዛወዝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለካ ጎረቤታችን እትዬ የሽመቤት ምጥ ጠንቶባቸው፣ መንደሩ ሁሉ ቃሬዛውን ሲፈልግ ኖሯል። ያገኙኝ የእድሩ ዳኛ አያ ሞላ ነበሩ። አልተቆጡም። ቋጠሮውን እየፈቱ፣ "ልጄ፣ በዚህ ላይ ጤነኛ አይተኛም" አሉኝ።

እትዬ የሽመቤት ከሐኪም ቤት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በመዘግየቱ ይሁን አይሁን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

"ነይ፣ አንቺም ተኚ" ትለኛለች ልጄ፣ ቦታ እየለቀቀችልኝ።