ለአያቴ የተነሣሁበት ፈተና

የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ደንብ ያወጣው ሰው፣ በገጠር ከተማችን በሞላሌ በቀን በር ዘግቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። አለማወቁን አልፈርድበትም። ግን አንድ ቀን ባገኘው ቁጭ አድርጌ የምነግረው ነገር አለኝ።

ደንቡ በኢሜይል ሲደርሰኝ አራት ገጽ ነበር። ከውጭ አገር የሚያመለክት ተፈታኝ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይፈተናል። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይሆናል። በሩ ይዘጋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ከመቀመጫው አይነሣም፣ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሰው ከገባ፣ ከተነሣ ወይም ከተናገረ ፈተናው እዚያው ይቋረጣል። እንግዲህ እኔ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ነው ያደረግሁት።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ በነርስነት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሠርቻለሁ ይባል እንጂ እውነቱን ከተናገርን ሥራዬ ሪፈር መጻፍ ነበር። ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ ትመጣለች፣ እጇን እይዛለሁ፣ ግሉኮስ እሰካለሁ፣ ከዚያ ወረቀት ጽፌ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሐኪም ወዳለበት እልካታለሁ። የደረሰች አለች፤ መንገድ ላይ የቀረችም አለች። አንዷን የወሰዷት ሰዎች በማግስቱ ያን ወረቀቴን እንደታጠፈ መልሰው ሰጡኝ። ሐኪም መሆን አለብኝ ያልኩት ያን ቀን ነው፤ እስካሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እዚሁ አገር ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቱም አልተሳካም። በሦስተኛው ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ወጪውን ችሎ እንደሚያስተምር አገኘሁ። ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሚቀበሉት ደግሞ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላውን ብቻ። ስለዚህ ወይ ዘንድሮ፣ ወይ ጨርሶ የለም። ለእናቴ ስነግራት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላኝ ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

የፈተናው ቀን ጠዋት ገና ሳልጀምር ነው ያቃጠሉኝ። ኮምፒውተሩን ከአንድ አስተማሪ ተውሼ፣ ስልኬን ኢንተርኔት እንዲሰጥ አድርጌ፣ እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ተቆጣጣሪዋ ከየት አገር እንደሆነች የማላውቃት ሴት ናት፤ ፊቷ አይታይም፣ ድምፅ ብቻ። ክፍሉን በካሜራ አዙሪና አሳዪኝ አለች፤ አሳየሁ። ከአልጋው ሥር አሳዪ አለች፤ አሳየሁ። ከአልጋው ሥር የድንች ጆንያ አለ፤ ፍቺና አሳዪ አለች። ፈታሁ። ድንች አየች።

«ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ይውረድ» አለች።

በሩ ሥር ቆማ የምታዳምጠው እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«እመቤታችንን አውርጂ አለችሽ? በይ እሷን ከኮምፒውተሩ አውርጂያት!»

በስንት ልመና ሥዕሉ እዚያው ሆኖ በመጋረጃው እንዲሸፈን ተስማማን። ቀጥሎ ጆሮዬን አሳየሁ። ቀጥሎ «አንገትሽ ላይ ያለው ጥቁር ገመድ ምንድን ነው? ሽቦ ነው?» አለችኝ። ማተቤ ነው። ከተጠመቅሁበት ቀን ጀምሮ ያለ ክር ነው ብዬ ወደ ካሜራው አስጠጋሁላት። ምን መሰላት መሰላችሁ፣ በማተቤ ውስጥ ሰው መልስ የሚነግረኝ ነው የመሰላት! ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ፤ ግን ዋጥ አደረግሁት፤ አንድ ዓመት ያነበብሁት በእሷ እጅ ነበር።

በመጨረሻ በሩን ዘጋሁ። መቆለፊያ የለውም። የጓዳ በር ማን ይቆልፋል? እናቴን «ማንም ሰው አታስገቢ፣ ማንም! ሰው ከገባ አለቀልኝ» ብዬ አስምዬ ነበር።

እናቴ እውነቱን ለመናገር ቃሏን ጠብቃለች። እኛ ሰፈር ሰው ቤቱ እያለ በቀን በር ከተዘጋ ጤና የለም ማለት ነው፤ ወይ ታማሚ አለ ወይ መርዶ አለ። የጓዳው በር መዘጋቱ ሳያንስ እናቴ ደግሞ ለጥንቃቄ ብላ የውጩንም ገርበብ አድርጋው ነበር። ገና ሃያኛው ጥያቄ ላይ ሳልደርስ ጎረቤት «ምነው ደኅና ናችሁ?» ትላለች። እናቴ በሹክሹክታ ትመልሳለች። ሹክሹክታው ደግሞ ጭራሽ መርዶ አስመሰለው። ሁለተኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳትመጣ አልቀረችም። ሁሉንም መለሰቻቸው፤ ዶሮዎቹን ሳይቀር።

ፈተናው ራሱ ክፉ አልነበረም። ባዮሎጂውን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የደገምሁት። ሒሳቡ ትንሽ አስቸገረኝ። ከዚያ የጠባይ መመዘኛ የሚሉት መጣ፤ ይህ ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ ዓይነት። ጥያቄው ምን ይላል መሰላችሁ? «ሥራ ላይ ሳለህ አንድ በዕድሜ የገፉ ታካሚ ድንገት ወደ ክፍልህ ቢገቡ ምን ታደርጋለህ?» ሌላ ሰው ይህን ቢነግረኝ ቀባጠረ እል ነበር፤ ግን የእግዜርን ስም እየጠራሁ እምላለሁ፣ ጥያቄው እሱ ነበር። «በአክብሮት እቀበላቸዋለሁ» የሚለውን ልመርጥ ጣቴን ሳነሣ በሩ ሲጢጥ አለ።

አያቴ ናቸው።

የእናቴ አባት ናቸው፤ ሰማንያን አልፈዋል። ከታች ከመንደራቸው ሁለት ሰዓት ዳገት ወጥተው፣ በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው ጠበል በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው፣ ገብተው ቆመዋል። ልጅ ፈተና ላይ ሆና ብቻዋን ትሁን ብሎ የሚቀር ዘመድ እንዴት ያለ ዘመድ ነው?

እግሬ እኔን አላማከረኝም። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ማለትን በአፌ እህል ሳላላምጥ ነው የተማርሁት። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቆምሁ፣ አፌም ተከተለ።

«ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር! አትነሺ ልጄ፣ ተቀመጪ፤ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ፤ ጠበሉንም ወደ እኔም ወደ ኮምፒውተሩም ረጨት አደረጉ።

ስዞር ጥያቄው የለም። ነጭ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ተጽፏል፤ ፈተናሽ ተቋርጧል ይላል። ተቆጣጣሪዋን ጠራኋት፣ ለመንኋት፣ ማንም የለም። ዓመቱ ሙሉ፣ ያቺ ወረቀቷን እንደታጠፈ የመለሱልኝ ሴት፣ ሊሞላ የተቃረበው ሃያ አምስት ዓመቴ፣ ሁሉም እዚያ ነጭ ገጽ ላይ ቀረ።

«ማን ኑ አለዎት!» ብዬ ጮኽሁባቸው። በአያቴ ላይ! «ማን ጠራዎት? ገደሉኝ እኮ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጡ፣ ክዳኑን አጥብቀው ዘጉት፣ ወጡ። እናቴ «የእጅሽን ይስጥሽ!» ብላ ተከተለቻቸው። ከመንገድ ስትመለስ እኔ ገና እዚያው ቆሜያለሁ።

«ማንም አታስገቢ አላልኩሽም?» አልኳት።

«ብለሻል።»

«ታዲያስ?»

«እሳቸው ማንም ናቸው?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።  

በማግስቱ ኢሜይል መጣ። ፈተናው የተቋረጠበትን ምክንያት በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካስረዳሁ ጉዳዩ ይታያል፤ ክፍሉ የገባው ሰውም ቃሉን ይስጥ ይላል። ይህን ወረቀት ላይ ገልብጬ ወደ አያቴ መንደር ወረድሁ። መንገዱን ሙሉ ይቅርታዬን እያጠናሁ ሄድሁ። ደርሼ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ።

«ምን አጠፋሁ ብለሽ ነው?»

«ጮኽሁብዎት እኮ አባባ።»

«ጩኸቱንስ ጆሮዬም አልያዘው። መነሣትሽን ግን ዓይኔ አይቷል» አሉና ወሬውን ቆረጡት። «ይልቅ ያመጣሽውን ወረቀት ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። አያቴ በጉልምስናቸው ለአንዲት የእርሻ ድንበር አሥራ አንድ ዓመት የተሟገቱ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የረባ ሙግት አላገኙም። የእኔ ውድቀት ለሳቸው ችሎት ሆኖ መጣላቸው። ንዴቴ እንደገና ጀመረኝ፤ እኔ እዚህ ነድጄ ልሞት ነው፣ እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ።

«ጻፊ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። መጀመሪያ አገሬን ጻፊ፣ ከዚያ የአባቴን ስም፣ ከዚያ የቆምሁበትን ደብር...»

«አባባ፣ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው የፈቀዱልን።»

«ግማሽ ገጽ? ይኼ ዳኛ ነው ወይስ የቴምብር ሻጭ?»

እኔ ስቆርጥ እሳቸው ሲያስረዝሙ ግማሽ ቀን ፈጀን። በመጨረሻ የቀረችውን እንዳለች ተረጎምኋት፤ «ክፍሉ የገባሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ አልጠራችኝም። የተነሣችውም ያነጋገረችውም እኔን ነው፤ ቃሏም ለሽማግሌ የሚባል የክብር ቃል እንጂ ሌላ አይደለም። ሽማግሌ ገብቶባት የማትነሣ ብትሆን ግን፣ የታመመ ሰው ይዤ ወደ እሷ አልመጣም ነበር። ጥፋት ካለ በእኔ ነው።» አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብተው አተሙበት። ፎቶ አንሥቼ ላክሁት።

አምስት ቀን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። በስድስተኛው ሁለት መስመር መልስ መጣ። ማብራሪያው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ተፈታኟ አንድ ጊዜ ብቻ በድጋሚ ትቀመጣለች። እና፣ እባክሽ፣ በሩን የሚጠብቅ ሰው አድርጊ።

ማን ጠበቀ መሰላችሁ? አያቴ! ጎሕ ሲቀድ ደርሰው በርጩማቸውን የጓዳው በር ላይ ደገፍ አድርገው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እናቴን ከነሽሮዋ ወደ ውጭ አስወጧት። ድንቹ እንደገና ታየ፣ ማተቤ እንደገና ታየ፣ ፈተናው ተጀመረ።

መሐል ላይ የንስሐ አባታችን መጡ። ድምፃቸውን ከውጭ ሰማሁት፤ ጉልበቴ ወዲያው ሊነሣ ከጀለ። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ ተጭኜ ከንፈሬን ነከስሁ።

«ልጅቱን ልባርካት ብዬ ነው» አሉ ቄሱ።

«ከዚያው ሆነው ይባርኩ አባቴ» አሉ አያቴ። «ይቺ በር ዛሬ ለእኔም አልተከፈተች።»

ቄሱ ከዚያው ሆነው ባረኩ፤ እኔም ሒሳቤን ቀጠልሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሞላ ስክሪኑ አመሰግናለሁ ብሎ ጠፋ። ወገቤን ይዤ ተነሥቼ በሩን ሳብሁት።

አያቴ በርጩማው ላይ አሉ። ሲያዩኝ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ አንዴ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፣ ሁለተኛ ሞከሩና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር!» አሉኝ።

«ኧረ አባባ! ኧረ ይቀመጡ! ምን ዓይነት ነገር ነው ይኼ!» ተቆጣሁ፤ እንባዬ ግን ቀድሞኝ ወርዷል። «ማለፌ መቼ ታወቀ? ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።»

«በእግዜር በይኛ! እስከመቼ ታቆሚኛለሽ?»

«በእግዜር» አልኩ። ያኔ ተቀመጡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የማለፌ ኢሜይል ሲመጣ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ሁሉ ብድግ ብሎ አቀፈኝ። አያቴ ብቻ ከተቀመጡበት መደብ ፍንክች አላሉም። ምነው አባባ አልኳቸው።

«እኔ የተነሣሁልሽ ያን ቀን ነው» አሉኝ። «ስንቴ ልነሣ?»