የፍየሏ መጨረሻ

ልጅን መዋሸት ከስርቆት አያንስም ብዬ የማምን ሰው ነኝ። የመጀመሪያ መጽሐፌ፣ ያውም ከአንድ ቀጭን ደብተር የማትበልጥ የልጆች መጽሐፍ፣ ልጄ የወተት ጥርሷን ስትነቅል ተጀምራ፣ ልጄ ትከሻዬ ላይ ስትደርስ የወጣችው በዚሁ እምነቴ ምክንያት ነው። እምነቱን ዛሬም አልተውኩትም። ያደረሰብኝን ግን ልናገር።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሀል፣ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ አለችኝ፤ የተበሳ ጎማ እለጥፋለሁ፣ የጎደለውን እነፋለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ከወሎ ስመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማሩኝ ከአዟሪ የምገዛቸው አሮጌ መጻሕፍት ናቸው። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የሚያርመው መምህር ስለሌለው ያነበበው ሁሉ የገባው ይመስለዋል።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ፣ ደምበል አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት የምትሠራው እናቷ እስክትመጣ ድረስ እኔ ጋ ትቆይ ነበር። አሮጌ ጎማ ላይ ትቀመጣለች። ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍቼ ውሃ በሞላው በርሜል ውስጥ ስነክረው፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። «አባዬ፣ ይኸው እዚህ ጋ ተነፈሰ!» ትለኛለች። ነገር ግን እግሯ አያርፍም። ዘወር ስል ወደ አስፋልቱ ትወጣለች፤ መንገዱ ደግሞ ሳያይ ወደ ኋላ የሚነዳ የማይጠፋበት ነው። መከርኳት፣ ተቆጣኋት፤ አልሆነም።

አንድ ዓመት ዐረፋ ሲቃረብ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ከቆሙት በግና ፍየል ሻጮች የአንዱ ነጭ ፍየል ገመዷን በጥሳ ሮጠች። በታክሲዎቹ መሀል ተሹለክልካ አለፈች። የአንድ ካፌ በረንዳ ላይ ወጥታ የተደረደረውን አበባ ጋጠች። የታክሲ ረዳቶቹ «መስቀል ፍላወር! አንድ ሰው የቀረው! ነይ ግቢ እሙዬ!» እያሉ አጀቧት። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አመሻሽ ላይ ሁለት ጎረምሶች ቀንዷን ይዘው እየጎተቱ መለሷት፤ ሻጩም በንዴት ለመጀመሪያው ገዢ ሰጣት። በማግስቱ ልጄ «ፍየሏስ?» አለችኝ። «ታረደች» አልኳት። የሆነው እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን በየቀኑ ታስነግረኝ ጀመር። እኔም እየጨመርኩበት ሄድኩ። ፍየሏ ታክሲ ውስጥ ገብታ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቃት፣ ፍየሏ በሊፍት ፎቅ ስትወጣ፣ ፍየሏ ባንክ ውስጥ ተራ ይዛ ስትቀመጥ። መጨረሻው ግን አይለወጥም ነበር። ያለ ፈቃድ ከቤቷ የወጣች ፍየል መጨረሻዋ ቢላዋ ነው፤ ይህን ሳልናገር ጨርሼ አላውቅም።

«ዛሬም ትታረዳለች?» ትለኛለች፣ መሀል ላይ አስቁማኝ።

«ዛሬም።»

«ነገስ?»

«ነገም።»

በርሜሉን ታያለች። ወደ አስፋልቱ መውጣቷን ግን ተወች። ምክሬ ሠራ አልኩ።

አንድ ቀን «ሥዕል ያለው መጽሐፍ አድርግልኝ» አለችኝ። ገና ፊደል እየቆጠረች ነበር። «ራስሽ ማንበብ ስትችዪ የመጀመሪያው መጽሐፍሽ ይሆናል፣ ኢንሻ አላህ» ብዬ ቃል ገባሁላት። ሰው ለልጁ ቃል ሲገባ በእጁ ያለውን ብቻ ይግባ። ይህን ምክር ያኔ አላውቀውም ነበር።

በእጄ ጽፌ ካዛንቺስ አስተየብኩት። የመጀመሪያው አሳታሚ የልጆች መጽሐፍ ገዢ የለውም አለኝ። ሁለተኛው ረቂቁን ተቀብሎኝ ጠፋበት። ሦስተኛው ደምበል አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ያለ ትንሽ ቢሮ ነው፤ እዚያ አርታዒዋ ወጣት ሴት ናት። ልጄ በዚያን ጊዜ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ እያነበበች ታደክመን ነበር።

«ጋሼ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ» አለችኝ አርታዒዋ። «ማለቴ፣ ታክሲው ላይ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። ግን ኢንዲንጉ...»

«ምኑ?»

«መጨረሻው። በቃ፣ አረዷት እኮ!»

«እኔ አይደለሁም ያረድኳት።»

«ታዲያ ማን ነው? የጻፉት እርስዎ አይደሉ?»

የሆነውን ነገርኳት። ወላጆች አይገዙትም፣ ልጆች ይደነግጣሉ አለችኝ። «ልጆቻችን በየበዓሉ ደጅ ላይ ሲታረድ እያዩ አይደል የሚያድጉት? ከማን ነው የምንደብቀው?» አልኳት።

«ሲያዩ እጃቸውን የሚይዝ ሰው አጠገባቸው አለ፣ ጋሼ» አለች። «ሲያነቡ ግን ብቻቸውን ናቸው።»

መልስ ያጣ ሰው ይቆጣል። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ረቂቁ ቁምሳጥን ላይ ተቀመጠ። እኔ ልክ ነኝ፤ መጽሐፉ ግን የለም። ልጄ መጀመሪያ ላይ «መጽሐፌስ?» ትለኝ ነበር። ቀጥሎ በወር አንዴ ሆነ። ቀጥሎ ተወችው። መጠየቅ ስትተው እፎይ ያልኩበት ቀን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ ያስፈራኝ ጀመር። ልጅ እንደሆነች የምትቆይልኝ ይመስል ከአንዲት ወጣት ጋር እልህ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። እኛም እዚያ ከነበርንበት ግቢ ተነስተን ከተማው ጫፍ ካለ ኮንዶሚኒየም ገባን። ልጄ ትምህርት ቤት ቀየረች፤ ሱቄ መምጣቷም ቀረ። ጎማው ላይ የሚቀመጥ የለም። አረፋውን ብቻዬን እፈልጋለሁ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ እነክራለሁ።

አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ወደ ደምበል ሄድኩና አርታዒዋን «ትዳን» አልኳት።

«ማን?»

«ፍየሏ።»

ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። «ጋሼ! በቃ፣ አለቀ እኮ! ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ እናቷ በር ላይ ትጠብቃታለች፣ ያቺ የጻፏት ቧንቧ ጋ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ገጽ ብቻ ነው።»

አንድ ገጽ ብቻ። ፍየሏ በመጽሐፉ ውስጥ የምትኖረው እኛ ግቢ ነበር፤ የጋራ ቧንቧው፣ የዛገው የብረት በር፣ በሩ ላይ የዘመመው ባሕር ዛፍ። ሌላ ግቢ አላውቅም። ጻፍኩ፤ ፍየሏን እስከ መታጠፊያው አደረስኳት፤ ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለ። ምናልባት ቦታውን ባየው ይሻላል ብዬ አንድ እሑድ ሄድኩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ሣር ተተክሏል፤ መብራቶች ቆመዋል፤ ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር ይንሸራሸራሉ። ያማረውን አላማረም አልልም። ግን ፍየሌን የማስገባበት በር አላገኘሁም። ቤቷ ገባች ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ፤ ታረደች ብዬ ብጽፍ መጽሐፍ የለም።

ቸግሮኝ ልጄን ጠየቅኳት። ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች።

«ፍየሏ የት ትሂድ?»

«የቷ ፍየል?»

ነገርኳት።

«እ፣ እሷ! እንደፈለግክ አድርጋት፣ አባዬ። እኔ እኮ አሁን የልጆች መጽሐፍ አላነብም።» ቀና ብላ አየችኝና ፊቴ ሳያሳዝናት አልቀረም፤ «ግን ጥሩ ነበረች» ብላ ጨመረች። ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ይሄኔ መተው ነበረብኝ። ግን የተገባ ቃል የተገባለት ሰው ቢረሳውም ዕዳ ነው ብዬ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ገጽ እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ ፍየሏ መታጠፊያው ጋ ቆመች። ወደ ግራ አየች። ወደ ቀኝ አየች። ሄደች።

አርታዒዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ክፍት አደረጉት። በጣም አሪፍ ነው!»

«አሪፍ ሆኖ አይደለም። አቅቶኝ ነው።»

«ለማንም እንዳይነግሩ» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሥዕሎቹን በቴሌግራም ላከችልኝ። ፍየሏ ረጃጅም ሽፋሽፍት አላት፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ደወልኩ። ፍየል ሪባን አታስርም አልኩ። ገመዷን ከበጠሰች በኋላ አንገቷ ላይ የሚቀረው የገመዱ ቁራጭ ነው፤ የታሪኩ መነሻ እሱ ነው አልኩ። ሠዓሊው ጨርሶ ሌላ ሥራ ጀምሯል ተባልኩ። ውል ፈርሜያለሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ሰው በስሙ የሚወጣውን ሁሉ የሚያዝዝበት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም።

መጽሐፏ ወጣች። መስቀል ፍላወር አጠገብ ባለች የልጆች ማንበቢያ ክፍል ውስጥ እንዳነብ ተጠራሁ። ልጄን ነይ ብዬ አላስገደድኳትም፤ ራሷ መጣች። ጥግ ላይ ቆመች፤ ለሕፃናቱ ወንበሮች ረዝማለች።

ሳነብ ልጆቹ በታክሲው ሳቁ፣ በባንኩ ሳቁ። ጨረስኩ። ጸጥ አሉ፤ የሚቀጥል መስሏቸው ነው። መምህራቸው መጨረሻውን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «አባባ፣ የታሪኩ ምክር ምንድን ነው? ለልጆቻችን ቢነግሯቸው» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ገጹን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመርኩ።

ከፊት የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እጇን አወጣች። «ፍየሏ አሁን የት ናት?»

የሆነውን አውቀዋለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ አንጋጣ ታየኛለች። ቀና ስል ልጄም ከጥጉ ሆና ስልኳን ዝቅ አድርጋ ታየኛለች።

«አላውቅም» አልኩ።

«የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

ሁሉም ሳቁ፤ መምህሯም ሳቀች። መጽሐፉን ከደንኩ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጄ የእሷን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች፤ ስሟን ጽፌበት የሰጠኋት ነው። አልገለጠችውም። ብዙ ከሄድን በኋላ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣

«ለእኔ ግን በየቀኑ ታርዳት ነበር» አለችኝ።

«እውነቱን እንድታውቂ ብዬ ነው። ከመኪናም እንድትጠበቂልኝ።»

«አውቃለሁ። ዛሬስ?»

«ዛሬ አላውቅም አልኩ እኮ።»

«ያኔም እንደዚህ ብትለኝ ወደ አስፋልቱ አልወጣም ነበር» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር አውቅበት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። ይህኛው የት እንደሚያዝ ጠፋኝ።

ታክሲው ካዛንቺስ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ «በራችን እዚህ ጋ ነበር» አለች።

«አይደለም፤ ከመብራቱ ወዲያ ነው።»

«አባዬ፣ ዛፉ እኮ እዚህ ጋ...»

«ዛፉ ከዚያ ወዲያ ነበር፣ ልጄ።»

ሁለታችንም ዞረን በኋላው መስታወት ፈለግነው። መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ታክሲው አለፈ።